ወድቆ የተነሣው ማን ነበር

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ስብራት ነው። «ሲስተር፣ በዚያ ሁሉ ዓመት ስንት እግር ሲሰበር አየሽ?» ይሉኛል። የኳስ ሜዳና የፈረስ ጉግስ ነርስ ሆኖ መኖር ደም ማየት ይመስላቸዋል።

ስብራት ግን አስፈርቶኝ አያውቅም። የተሰበረ እግር ያብጣል፤ ባለቤቱም ይጮኻል፤ ምን እንደምሠራ አውቃለሁ። እኔን ሲያስፈሩኝ የኖሩት የማይደሙት ናቸው። ወድቀው ወዲያው የሚነሡት፣ ልብሳቸውን አራግፈው «ደህና ነኝ» የሚሉት፣ ፈገግ የሚሉት። እንዲህ ያለውን ሰው ዓይን ዓይኑን ሳየው፣ ከዓይኑ ጀርባ ቤቱ ክፍት ሆኖ ሰው የሌለበት ሲመስለኝ፣ ዛሬም ድረስ ጀርባዬን ይቀዘቅዘኛል።

የተወለድኩት ዳንግላ ነው። እናቴ አገውኛ ተናጋሪ ስለነበረች በሁለቱም ቋንቋ አፌን ፈታሁ። በነርስነት ተመርቄ እዚያው ጤና ጣቢያ ስመደብ ደመወዜ ከቤት ኪራይ ብዙም አያልፍም ነበር። ሜዳ ዳር መቆም የሥራዬ ድርሻ አልነበረም። ወደዚያ የወሰዱኝ ጋሽ አበጀ ናቸው።

ጋሽ አበጀ የጤና ጣቢያው አንጋፋ ድሬሰር ነበሩ፤ ቁስል ሲያጥቡና ሲያሽጉ የኖሩ፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው። በዕረፍት ቀናቸው የከተማው ኳስ ቡድን ወጌሻ ሆነው ሜዳ ዳር ይቀመጣሉ። በጥር ፈረሰኞች ሲሰበሰቡም ቦርሳቸውን ይዘው ከሜዳው ጫፍ አይጠፉም። አንድ ቅዳሜ «ነይ እስቲ፤ እጅሽ ቀላል ነው፣ ዓይንሽ ግን ገና አልተማረም» ብለው ይዘውኝ ሄዱ።

በዚያ ቀን ሁለት ተጫዋቾች ለአንድ ኳስ ዘለው ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጩ። ሕዝቡ በሙሉ ኳሷን ተከትሎ ዞረ። ጋሽ አበጀ ክንዴን ያዝ አድርገው «ኳሷን ተያት። እጁን እዪ» አሉኝ። ከወደቁት አንዱ በጀርባው ተንጋሎ ሁለቱ ክንዶቹ ወደ ላይ ተገትረዋል። ጣቶቹ የሆነ ነገር ሊይዙ እንደፈለጉ ተኮርምተዋል። የሚያነሣው ሰው አጠገቡ አልነበረም፤ ክንዶቹ ግን ብቻቸውን ቆመው ቀሩ። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ማንን ነው የሚጠራው?» ስትል ሰማሁ። ክንዶቹ ቀስ ብለው ወረዱ። ልጁ ዓይኑን ገለጠና ብድግ ብሎ ሊሮጥ ሆነ።

«ደህና ነው እኮ፣ ተነሣ» አልኳቸው።

«እግሩ ነው የተነሣው» አሉኝና ወደ ሜዳው ገቡ።

ክንድን እንዲያ የሚያስገትረውን የአንጎል መናወጥ ከመጽሐፍ አንብቤ ነበር፤ ያወቅሁት ግን እሳቸውን እያየሁ ነው። ወደ ወደቀ ሰው ከኋላ አይመጡም፤ አንገቱን አዙሮ እንዳያያቸው ፊት ለፊት ሄደው ይቀመጣሉ። «ደህና ነህ?» ብለው አይጠይቁም፤ «ይህን ብጠይቀው መልሱን አስቀድሜ አውቀዋለሁ» ይላሉ። የሚጠይቁት ሌላ ነው፦ በየትኛው ጎል ነው የምናጠቃው? መጨረሻ ያገባው ማነው? ባለፈው ሳምንት ከማን ጋር ተጫወትን? ትክክል ቢመልስም ይዘውት ወጥተው ጥቂት ቆይተው ያንኑ መልሰው ይጠይቁታል፤ ቀስ ብሎ የሚመጣም አለና። በአንድ እግሩ ያቆሙታል። አፉን በአገውኛ የፈታውን በአገውኛ ያናግሩታል። «ራሱ የዞረበትን ሰው በትምህርት ቤት ቋንቋ ጠይቀሽ ቢንተባተብ፣ ጉዳቱ ይሁን ቋንቋው በምን ታውቂያለሽ?» ይሉኝ ነበር። ጥርጣሬ ካደረባቸው ደግሞ ሰውየው በዚያ ቀን አይመለስም። አሰልጣኝ ቢሰድብ፣ ሕዝብ ቢጮኽ፣ እሳቸው መሬት መሬት እያዩ ቆመው ይሰሙና መልሰው ይቀመጣሉ።

የዚህ ሥራ አስፈሪነት ዘልቆ የገባኝ ግን በአያ ዘለቀ ነው። አያ ዘለቀ ከዳንግላ ወጣ ብሎ የሚኖር ገበሬና ስመ ጥር ፈረሰኛ ነበር። በአንድ ጉግስ ላይ ሌላ ፈረስ ከጎን ሲገጨው ከኮርቻው ተስፈንጥሮ በጭንቅላቱ ጎን መሬት መታ። እኛ ስንደርስ ቁጭ ብሎ ነበር። ጋሽ አበጀ በአገውኛ ስሙን፣ አገሩን፣ የፈረሱን ስም ጠየቁት፤ ሁሉንም መለሰ።

«አሁን ማንን እያሳደድክ ነበር?» አሉት።

ዙሪያውን አየና «እኔ? ገና መች ተሰለፍኩ» አለ።

ሐኪም ቤት ወስደነው ጥቂት ቆይቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ጋሽ አበጀ ወንድሞቹን ሰብስበው «እኔ ሳልፈቅድለት ፈረስ ላይ እንዳይወጣ» ብለው አስማሏቸው። ቤቱ እየሄድኩ የማየው እኔ ነበርኩ። ስገባ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። በሩን ስከፍት የሚገባው ብርሃን ያመዋል፤ በእጁ ዓይኑን ይጋርዳል። ፈረሱ ደጅ ታስሮ ነበር። አንድ ቀን ሣር ይዞለት ሲቀርብ ፈረሱ ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ ገመዱ እስኪወጠር ድረስ ሲሸሸው አየሁ። አሳድጎ የገራው ራሱ ነው።

ሚስቱ ይታይሽ ትባላለች። እኔን ስትሸኝ ደፉ ላይ ቆም አለችና ወደ ቤት እየገላመጠች «ሲስተር፣ ይሄ ሰው ባሌ አይደለም» አለችኝ።

«አያ ዘለቀ ነው እንጂ፤ ታሞ ነው።»

«መልኩን መች አጣሁት። ባሌ ሲገባ ድምፁ ቀድሞት ይገባል። ይሄ ገብቶ ይቆማል። ልጆቹን በስማቸው ይጠራል፤ ግን ስማቸውን ከጎረቤት ጠይቆ የመጣ ነው የሚመስለው።»

ይህን ሰምቼ መሄድ አልቻልኩም፤ ተመልሼ ገባሁና አጠገቡ ተቀመጥኩ። «አያ ዘለቀ፣ ምን ይሰማሃል?» አልኩት። ፊቱን ከግድግዳው ሳይመልስ፣ «ከፈረሱ የወደቅሁት እኔ ነኝ። ተነሥቶ እዚህ የመጣው ግን ማን እንደሆነ እንጃ» አለኝ።

እንዲህ ያለው ነገር እንደሚያልፍ ጋሽ አበጀ ነግረውኛል፤ እያለፈም ነበር። ብርሃኑን መቻል ጀመረ፤ ራስ ምታቱ ቀለለለት፤ ምግብ ጠየቀ። እንደተሻለው ሲያዩ የወንድሞቹም መሐላ ላላ። የወንድሙ ልጅ ሠርግ ነበር፤ ሙሽራ በፈረስ ሲታጀብ እሱ በእግሩ መሄዱ አሳፈራቸው። አወጡት። ጋለበም አይባል፤ እያስረገጠ ሄዶ ዳሱ አጠገብ ሲወርድ ርካቡ እግሩን ያዘውና ሣሩ ላይ ወደቀ። ሕፃን የማይጎዳበት አወዳደቅ ነበር። ተነሣ፤ ሣሩን ከጋቢው ላይ አራገፈ፤ በራሱ ሣቀ። ይታይሽ ዳስ ውስጥ ሆና ያን ሣቅ ሰማች። ወጥ የያዘችበትን ሳህን ለጎረቤቷ አስይዛ ሮጣ ወጣች፤ የባሏ ሣቅ ነበራ። ወደ እሷ እየመጣ ሳለ፣ ሳይደርስባት፣ ተዝለፍልፎ ወደቀ። እኛ ስንደርስ ትንፋሹ ብቻ ነበር የቀረው፤ መኪና ተገኝቶ ባሕር ዳር ሳይደርስ እሱም አለቀ።

ከቀብር ስንመለስ ጋሽ አበጀ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ለወንዶቹ ነው የነገርኩት» አሉ። «እህሉን የምትሰጠው፣ አብራው የምታድረው እሷ ናት። እሷን ሳልነግር ወጣሁ።» ያልዳነ አንጎል ሁለተኛ ሲመታ፣ ምቱ ትንሽ ቢሆንም፣ በደቂቃዎች ውስጥ ሊያብጥ እንደሚችል ያን ቀን ነው በዝርዝር ያስረዱኝ። ከዚያ በኋላ ራሱን የተመታ ሰው ሁሉ ቤት ራሳቸው ይሄዳሉ፤ ሚስትና እናትን፣ አያትንም አስቀምጠው «ዳንኩ ሲላችሁ አትመኑት፤ እኔን ጥሩኝ» ይላሉ። ይታይሽን ግን እስኪሞቱ ድረስ ቀና ብለው አላዩዋትም።

እኔ ወደ እንጅባራ የተዛወርኩት እሳቸው ካረፉ በኋላ ነው። አንዱ አለቃዬ «ኳስ ለማየት ሰበብ ፈልገሽ ነው» እያለ ሲያላግጥ ኖረ፤ ሌላው መጥቶ መፈቀዱን በወረቀት አደረገልኝና ከከተማው ቡድን ጋር በወጉ መሥራት ጀመርኩ። ተጫዋቾቹ እትዬ ይሉኛል። ከነሱ መካከል ይበልጣል የሚባል ተከላካይ ነበር፤ ቤተሰቡ ዘንገና ሐይቅ አካባቢ የሚያርሱ፣ እሱ መምህርነት የሚማር። ሜዳ ላይ አፉ አያርፍም። «ግራ ሂድ! ያዘው! ተመለስ!» ሲል ድምፁ ዋናው መንገድ ድረስ ይሰማል።

ዳንግላ ለጨዋታ ሄድን። ክረምቱ ገና አልወጣም፤ ከእረፍት በኋላ ጉም ወርዶ የማዶው ጎል ጠፋን። የማዕዘን ምት ተመታ። ያየሁት ነገር የለም፤ ድምፁን ግን ሰማሁ። አጥንት ከአጥንት ሲጋጭ የሚሰማ፣ ደረቅና አጭር ነው። ቦርሳዬን ይዤ ስሮጥ ዳኛው በእጁ መለሰኝ፤ ይበልጣል ቆሞ ነበርና። በኋላ እንደነገሩኝ የበረኛው ጉልበት ጆሮ ግንዱን ብሎት ወድቆ ነበር። «አውጡልኝ፣ ልየው!» ብዬ ጮኽኩ። አሰልጣኙ «እትዬ፣ ቆሟል እኮ! ደህና ነው!» አለኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የእንጅባራ ሰው እስከ ዛሬ ያወራዋል። ይበልጣል እንደዚያ ቀን ተጫውቶ አያውቅም። ከጉሙ ውስጥ ይወጣል፣ ኳሱን ይነጥቃል፣ ተመልሶ ይገባል። ኳስ ከመምጣቷ በፊት የምትመጣበት ቦታ ቆሞ ይጠብቃታል። ተመልካቹ ያብዳል፤ እኔ ግን ድምፁን እየፈለግሁ ነበር። ቃል አልወጣውም። ሲያልቅ አካባቢ ወደ ፊት ሄዶ በዚያው ጭንቅላቱ ጎል አገባ። ጓደኞቹ ሊያቅፉት ሲሮጡ ባዶ ሜዳ እንደሚያቋርጥ ሰው በመካከላቸው አልፎ ወደ ቦታው ተመለሰና ቆመ።

ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ አስቀመጥኩት። ልጆቹ ይዘፍናሉ። አዲስ ቅዳም ከተማ ስንደርስ፣ በመንገዱ ዳር የተደረደረውን የከሰል ጆንያ እያየ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማጥበቅ ጀመረ።

«እትዬ፣ ጨዋታው ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ።

ልጆቹ ሣቁ። «አሸንፈን እየተመለስን ነው፤ አንተ ነህ ያገባኸው» አሉት። «እውነት?» ብሎ ፈገግ አለ፤ ደስ አለው። ጥቂት ሄድን። ጎንበስ ብሎ ክሩን አጠበቀ። «እትዬ፣ ጨዋታው ስንት ሰዓት ነው?» ድምፁ ያው፣ ፈገግታውም ያው። ነገሩት። «እውነት?» አለ፤ እንደ አዲስ ደስ አለው። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቅ ዘፈኑ ቆመ። ከዚያ በኋላ የመለሰለት ሰው የለም፤ እሱ ግን መጠየቁን አልተወም። ሾፌሩ በመስታወቱ እያየው አማተበ። እንጅባራ እስክንገባ ድረስ ሚኒባሱ ውስጥ የሚሰማው የሞተሩ ድምፅና ያ ጥያቄ ብቻ ነበር።

በቀጥታ ሆስፒታል አስገባሁት። አስመለሰው፤ በአምቡላንስ ወደ ባሕር ዳር ተላከ። ጭንቅላቱ በማሽን ተነሣ፤ ደም አልፈሰሰም፤ ምስሉ ንጹሕ ነው ተባለ። ቤተሰቡ ይህን ሲሰማ እልል አለ። የአንጎል መናወጥ ምስል ላይ እንደማይታይ ማስረዳት የእኔ ፈንታ ሆነ።

እናቱን እትዬ የሺን፣ አባቱን፣ እኅቶቹን በሙሉ አስቀምጬ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። እትዬ የሺ እስክጨርስ አዳመጠችኝና «ሲስተር፣ አንቺ የምትይውን ሰማሁ። እኔ የማውቀውን ልንገርሽ፤ ልጄ ጥላው ተገፍፏል» አለችኝ። «ሲያመው አውቃለሁ፤ አሁን ግን ቤት ውስጥ ሲሄድ የእግሩ ኮቴ አይሰማኝም።» ጠበል ልትወስደው ተነሣች። የደብሩን ቄስ ሄጄ አናገርኳቸው፤ ውኃው ከላይ እየወረደ ራሱን መምታቱ እንደሚያሰጋኝ ነገርኳቸው። «መች መደብደብ አለበት? እንረጨዋለን፣ ይጠጣል» አሉኝ። እንዲያ ተደረገ፤ እትዬ የሺም እኔን ማመን የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ጸጥታ ሰጠነው፤ ስልክ የለ፣ ንባብ የለ፣ አረቄ በፍጹም። ቢሆንም ጨለማ ውስጥ ተዘግቶ እንዲከርም አልፈለግሁም። ቀናት ሲያልፉ ደጅ ወጥቶ ይራመድ ጀመር፤ ራሱን ካላመመው ትንሽ ይጨምራል፣ ካመመው ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ያለ ምክንያት ያለቅሳል። ብረት ድስት ሲወድቅ ይበረግጋል። ማስታገሻ ውጦ «ዛሬ አላመመኝም» እንዳይል እናቱ መድኃኒቱን በቀሚሷ ኪስ ይዛ ትዞራለች።

አንድ ቀን አብሬው በሐይቁ አፋፍ ተራመድኩ። ውኃው ከታች ጥቁር ሆኖ ተኝቷል፤ ነፋስ የለም፣ ወፍ እንኳ አልነበረም። በድንገት ቆመ።

«እትዬ፣ ይሰማዎታል?»

«ምኑ?»

«ከውኃው ነው። ሰው ይጣራል። ‹ግራ ሂድ፣ ተመለስ› ይላል።» ፊቱ ነጣ። «ድምፁ የኔ ነው።»

ጆሮው እንደሚጮኽ ከዚያ በፊት ነግሮኝ ነበር፤ የተናወጠ አንጎል ጆሮ ውስጥ ብዙ ነገር ያሰማል። ይህንኑ ነገርኩት። እጁን ይዤ ቀስ ብለን ተመለስን። ግን እውነቱን ልጻፍ፤ ከአፋፉ እስክንርቅ ድረስ ወደ ኋላዬ አልዞርኩም።

ጩኸቱ በሳምንታት ውስጥ ጠፋ። መጽሐፉን ከፈተ፤ ሮጠ፤ ያለ ግጭት ኳስ ነካ። በሽታው ሙሉ ለሙሉ ሲለቀው ሐኪሙም እኔም አይተን ፈቀድንለት። ልምምድ በጀመረ ሰሞን አንድ ጓደኛው ያን የዳንግላ ጨዋታ በስልክ ቀርጾት ኖሮ አሳየው። አጠገቡ ነበርኩ። ራሱን ከጉም ሲወጣ፣ ኳስ ሲነጥቅ፣ ጎል ሲያገባ አየ። ከዚያ ሁሉ አንዱንም አያስታውሰውም። ደግሞ አየው። «ይሄ ሰውዬ ከኔ ይሻላል» አለ ቀስ ብሎ። ስልኩን መለሰና እጁን በሱሪው ጠረገ።

በሚቀጥለው ዓመት እንጅባራ ላይ ከግምጃ ቤት ከተማ ልጆች ጋር ተጫወትን። ፀሐዩ ደምቋል፤ እኩል ነን፤ ጨዋታው ሊያልቅ ነው። ይበልጣል ከአጥቂው ጋር ሲዘል ክርን አገጩን አገኘውና በጉልበቱ ተንበረከከ። ተነሣ። ዳኛው አልነፋም፤ ኳሷ ከነሱ ጋር ናት፣ ወደ እኛ እየመጡ ነው፣ በነሱና በበረኛችን መካከል ያለው ይበልጣል ብቻ ነው። እኔ ገና ከወንበሬ ስነሣ እሱ ፊቱን አዙሮ ወደ ሜዳው ዳር መራመድ ጀመረ። በክፍቱ መንገድ ገብተው አገቡ። ሕዝቡ በስድብ ተነሣበት። ስድቡን የሰማም አይመስልም፤ ዓይኑን እኔ ላይ ተክሎ መጣ።

ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። «የት ነው ያለነው?» አልኩት።

«ሜዳ ነው። የቱ ሜዳ እንደሆነ ግን አላውቀውም።»

«ታዲያ ለምን ወጣህ?»

ግር አለው። «‹አላውቅም› ስትል ውጣ ብለውኝ የለ እንዴ፣ እትዬ?»

በሥራ ዘመኔ ሁሉ፣ ሳይጎተት፣ ራሱ መጥቶ «አላውቅም» ያለኝ ተጫዋች እሱ የመጀመሪያዬ ነው። ያ አሰልጣኝ እጁን እያወናጨፈ እየሮጠ መጣ። አፉን ከፈተ፤ የይበልጣልን ዓይን አየና ዘጋው። በደረቅ መሬቱ ላይ ተንበረከከና የልጁን የጫማ ክር በራሱ እጅ ይፈታ ጀመር። ከኋላ የሚጮኸው ሰው ይህን ሲያይ አንድ በአንድ ዝም አለ።

ይበልጣል ፈጥኖ ዳነ። ኳስ ግን በቃኝ አለ፤ አሁን አዲስ ቅዳም ያስተምራል። ባለፈው ፋሲካ እናቱ ቤት ተገናኝተን ስለ ተማሪዎቹ አንሥቶ ማውራት ጀመረ። እትዬ የሺ «ኧረ እስቲ እህሉን ቅመስ!» ብትለው ማን ሊሰማት። ወጡ እስኪቀዘቅዝ አወራን።